አንድ ቁጥር ብቻ የተሰጣቸው ሰዎች

የጥናቱ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 12፥1-19፤ ዕብራውያን 13፥3፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥16-18



የዛሬው ጥናታችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አንድ የድሮ መጽሐፍም ያነሳል። ስለ እስር የተጻፈ እውነተኛ ታሪክ ነው። ይህን ስትሰሙ ፊታችሁን የምታዞሩ እንዳላችሁ እናውቃለን። ልብ ወለድ ቢሆን እሺ፤ በስልክ የሚደመጥ ትረካ ቢሆን ልብስ እያጠቡም፣ ጀሪካን አሰልፈው ውሃ እየጠበቁም ይሰማል። እውነተኛ ታሪክ ሲባል ግን «ይቅርብኝ፤ የራሴ ይበቃኛል» የሚለው ብዙ ነው።

ይህን የምትሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቤቱ ተነቅሎ፣ ድንበር አቋርጦ፣ ዳሚ ውስጥ በሸራና በቆርቆሮ ተጠልሎ ለሚያድር ሰው የሌላው መከራ ምን ይረባዋል? የራሱ ሸክም እኮ ገና አልወረደለትም።

ነገር ግን የዕብራውያን መልእክት ለማን እንደ ተጻፈ አስተውሉ። ምዕራፍ 10 ከቁጥር 32 እስከ 34 አንብቡ። አንባቢዎቹ የተሰደቡ፣ መከራ የተቀበሉ፣ ንብረታቸው የተዘረፈባቸው ሰዎች ናቸው። እንደ እኛ ማለት ነው። በ13፥3 ላይ እስረኞችን እንዲያስቡ የሚያዝዘው እነዚህኑ ሰዎች ነው፤ ያውም አብረው የታሰሩ ያህል ሆነው። ትእዛዙ ለተመቸው ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ደግሞም የማናውቀውን ሰው ማሰብ አንችልም። ለማወቅ ታሪኩን መስማት አለብን። የዛሬው ትምህርት ይኸው ነው፤ የእስረኛን ታሪክ መስማት መታዘዝ ነው፤ ስንሰማም በታሪኩ ውስጥ ስማቸው ያልተነሳውን ጭምር መፈለግ አለብን።

1. መጽሐፉና የጻፈው ሰው

ጸሐፊው ሄንሪ ስተርን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1820 ጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ፣ ለንደን ውስጥ በክርስቶስ ያመነ ሰው ነው። ለአይሁድ ወንጌልን የሚሰብክ የእንግሊዝ ማኅበር ላከውና በ1852 ዓ.ም ኢትዮጵያ ገባ፤ በቤተ እስራኤላውያን መካከልም አገለገለ። ዘመኑ የአጼ ቴዎድሮስ ነው። ወደ አውሮፓ ሄዶ ተመልሶ ከመጣ በኋላ፣ በጥቅምት 1856 ዓ.ም ታሰረ። በ1858 ዓ.ም ለጥቂት ጊዜ ከመፈታቱ በቀር እስከ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም ድረስ እስረኛ ነበር። አራት ዓመት ተኩል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ያሳለፈው ወሎ ውስጥ፣ መቅደላ አምባ ላይ፣ እግረ ሙቅ ገብቶለት ነው። በተፈታበት ዓመት ያየውን ጽፎ አሳተመ። የመጽሐፉ ርዕስ በአማርኛ «እስረኛው ሚስዮናዊ» እንደ ማለት ነው።

አጼ ቴዎድሮስን አብዝቶ የሚወድ በመካከላችን አለ፤ አያቶቹ በእሳቸው ዘመቻ ያለቁበትም አለ። ይህ ጥናት ንጉሡን ለመክሰስም ለማወደስም አልተዘጋጀም። ስተርንም ቢሆን አገራችንን በእንግዳ ዓይን ያየ፣ አንዳንዴም በንቀት የጻፈ ሰው ነው። መጽሐፉን እንደ መጽሐፍ ቅዱስ አንቀበለውም። ገለባውን አንፍሰን ፍሬውን እንወስዳለን።

2. ቃል ሰውን ሲያስር

ስተርን ከመታሰሩ በፊት ሌላ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ውስጥ ስለ ቤተ እስራኤላውያን ጉዞው ባሳተመው መጽሐፍ፣ ስለ ንጉሡ ትውልድ የሰማውን ወሬ አስገባ፤ እናታቸው ድሃ ነበሩ፣ ኮሶ ይሸጡ ነበር የሚለውን። ለንደን ላለ አንባቢ ይህ ተራ ወሬ ነው። ከሰሎሞን ዘር ነኝ ለሚል ንጉሥ ግን ምን ማለት እንደሆነ እናንተ ታውቁታላችሁ። መጽሐፉ ባሕር ተሻግሮ ንጉሡ ዘንድ ደረሰ። ስተርን ለፍርድ ሲቀርብ የጻፈው ነገር በጉባኤ ፊት ተነበበበት።

የንጉሡ ቁጣ ሌላም ምክንያት ነበረው። በ1855 ዓ.ም ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው መልስ ሳያገኙ ብዙ ጠብቀዋል። መልስ የማይመጣለት ደብዳቤ የሰውን ልብ እንዴት እንደሚያደርግ፣ «ፕሮሰስ ላይ ነው» እየተባለ ዓመታት ለጠበቀ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ልዩነቱ ንጉሡ ቁጣቸውን የሚያወርዱበት ሰው በእጃቸው መኖሩ ነው። እኛ ስንቆጣስ በማን ላይ እናወርዳለን? ብዙ ጊዜ በሚስት፣ በባል፣ በልጅ ላይ ነው። ቁጣው በልጆቻችን ላይ እንዳያርፍ እንጠንቀቅ።

ከዚህ ክፍል አንድ ነገር ያዙ። የሰው ታሪክ የሰው አካል ነው። ሻይ ቤት ተቀምጠን የእገሊትን አመጣጥ፣ የእገሌን ኬዝ፣ የማንን ልጅ ማን እንዳሻገረው ስንናገር ለእኛ ወሬ ነው። ለባለቤቱ ግን ሊያሳስር፣ ፋይሉን ሊያበላሽ፣ ትዳሩን ሊያፈርስ ይችላል። ያዕቆብ በምዕራፍ 3 ምላስን ጫካ ከሚያቃጥል ትንሽ እሳት ጋር የሚያመሳስለው ለዚህ ነው።

3. «እነሱስ?»

መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። በአንዱ የጥናት ቡድናችን እንግሊዝኛ የሚያነብ ወንድም ከስልኩ ላይ እያነበበ በአማርኛ ይነግረን ነበር። መጀመሪያ ላይ አንዲት እህት እንደ እናንተ ነበረች። ትረካ ትወዳለች፤ እውነተኛ ታሪክ ግን አይጥማትም። «ፈረንጅ ታሰረ፣ ፈረንጅ ተፈታ፤ እኔን ምን አገባኝ?» ብላ በጆሮዋ ሌላ ነገር ታዳምጥ ነበር።

ልቧን የነካው የስተርን ሰንሰለት አልነበረም። የተያዘበት ምሽት ሲነበብ ነው። ስተርን ወደ ምጽዋ ከመውረዱ በፊት ንጉሡን ሊሰናበት ይሄዳል። ንጉሡ ይቆጣሉ። አብረውት የነበሩ ሁለት አገልጋዮቹ ይደበደባሉ። እሱ ደንግጦ እጁን ወደ አፉ ሲያደርግ፣ «ሊበቀልህ ዝቶ ጣቱን ነከሰ» ተብሎ ለንጉሡ ይነገራል፤ እሱም ይደበደባል። ሁለቱ አገልጋዮች በዚያው ድብደባ ሞቱ። እሱ ተረፈ፤ መጽሐፍም ጻፈ። ታሪኩ ሁለቱን ሰዎች ትቶ ስለ እሱ ይቀጥላል።

እህታችን ከጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን አውጥታ «እነሱስ?» አለች። «እነሱስ ልጅ አልነበራቸውም? ለእናታቸው ማን ነገራት?» ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀረችም።

ጥያቄዋ ወደ ሐዋርያት ሥራ 12 ወሰደን። ምዕራፉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ጴጥሮስ ከወኅኒ የወጣበት ነው። መልአኩ፣ የወደቀው ሰንሰለት፣ በራሱ የተከፈተው የብረት መዝጊያ፣ በደስታ ብዛት በር መክፈት የረሳችው ሮዴ። ስንት ጊዜ ተሰብኮልናል! አሁን ግን ቁጥር 2ን ብቻ አንብቡ። የዮሐንስ ወንድም ያዕቆብ በሰይፍ ተገደለ። አለቀ። አንድ ቁጥር። ያዕቆብ እኮ ከጴጥሮስ ጋር በተራራው ላይ የጌታን ክብር ያየ ሐዋርያ ነው። ቀጥላችሁ ደግሞ ቁጥር 19ን አንብቡ። ጴጥሮስን ይጠብቁ የነበሩት ወታደሮች በማግስቱ ተመርምረው እንዲገደሉ ታዘዘ። እነሱም አንድ ቁጥር።

ጴጥሮስ አሥራ አምስት ያህል ቁጥር አለው። ያዕቆብ አንድ፣ ወታደሮቹ አንድ። ግን አስተውሉ፤ ሉቃስ አልተዋቸውም። ስለ አንድ ሰው መፈታት ሲጽፍ ያልተፈታውንም፣ በመፈታቱ ምክንያት የሞቱትንም ጽፏል። የመንፈስ ቅዱስ መጽሐፍ የዳነውን ብቻ አይቆጥርም።

4. ጦር የመጣላቸውና ያልመጣላቸው

የመቅደላ ነገር እንዴት እንዳበቃ እንይ። የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ወደ 13,000 ወታደር ላከ። 44 ዝሆኖች ሳይቀሩ ከሕንድ በመርከብ መጡ። ይህ ሁሉ የሆነው ከነቤተሰቦቻቸው 60 ያህል ለሚሆኑ አውሮፓውያን ነው።

በ1860 ዓ.ም የሰሙነ ሕማማት ሐሙስ ዕለት፣ ንጉሡ አምባው ላይ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን እስረኞች ብዙዎቹን ገደል አስጣሉ። በማግስቱ፣ በዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነና ወደ 700 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ቅዳሜና የፋሲካ ዕለት ስተርንና ሌሎቹ አውሮፓውያን ከነቤተሰቦቻቸው ተለቀቁ። ሰኞ፣ ሚያዝያ 6፣ አጼ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና ከኢትዮጵያ ሳይወጡ በመንገድ አረፉ። ልጁም አገሩን ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1879፣ በ18 ዓመቱ ሞተ።

አንዱ በትንሣኤ ዕለት ነጻ ወጣ፤ ሌላው በዚያው ሳምንት ገደል ተጣለ። አንዱ ልጅ ከአባቱ ጋር ወደ አገሩ ገባ፤ ሌላው ልጅ ከአገሩ ወጣ። ጴጥሮስም የተያዘው በቂጣው በዓል ሰሞን ነበር፤ ያዕቆብ ከሞተ በኋላ። አንድ ሄሮድስ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ እግዚአብሔር። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ወጣ።

እዚህ ላይ ልባችን የሚጠይቀውን ጥያቄ አንደብቀው። «ለእነሱ ጦር መጣላቸው፤ ለእኛስ ማን ይመጣል?» በመካከላችን ሪሴትልመንት ደርሶት የበረረ አለ። አብሮት ቃለ መጠይቅ ያደረገው ደግሞ እስካሁን ስልኩን እያየ ይጠብቃል። አንዳንዱ «እግዚአብሔር እሱን ስለወደደው ነው» ይላል። ሌላው «እኔ ምን በድዬ ነው?» ይላል። ሐዋርያት ሥራ 12 ሁለቱንም አይልም። ያዕቆብ ጸሎት ስላነሰው ወይም እምነት ስለጎደለው ሞተ የሚል ቃል የለበትም። ጴጥሮስም ከያዕቆብ ስለሚበልጥ ወጣ አይልም። ጴጥሮስ ራሱ የኋላ ኋላ እንደሚታሰርና እንደሚሞት ጌታ አስቀድሞ ነግሮት ነበር (ዮሐንስ 21፥18-19)። ከወኅኒ መውጣት የፍቅር መለኪያ አይደለም። የፍቅር መለኪያው መስቀሉ ነው፤ እሱም ለያዕቆብም ለጴጥሮስም እኩል ተሰቅሏል።

ይህ መልስ ሁሉን ጥያቄ ይዘጋል አንልም። ያዕቆብ ለምን ሞተ ለሚለው ምዕራፉ ምክንያት አይሰጥም። እኛም ላልተሰጠን ምክንያት አንፈብርክ። በተለይ ልጇን በባሕር ላጣች እናት ምክንያት አንስጣት። አብረናት እንቀመጥ።

5. ወደ እስር የተመለሰው ሰው

ከእስረኞቹ መካከል ማርቲን ፍላድ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ነበር። በ1858 ዓ.ም ንጉሡ መልእክት አስይዘው ወደ እንግሊዝ ላኩት። ሚስቱንና ልጆቹን ግን መያዣ አድርገው አስቀሩ። ፍላድ ለንደን ደረሰ፤ ንግሥት ቪክቶሪያን አገኘ። በ1859 ዓ.ም ተመልሶ መጣ። ጉዳዩ እንዳልተሳካ እያወቀ፣ ንጉሡ እንደሚቆጡ እያወቀ፣ እግሩ ነጻ ሆኖ ሳለ ሚስቱና ልጆቹ ወዳሉበት ተመለሰ።

«ሚስቱና ልጆቹ ናቸው፤ ታዲያ ምን ያድርግ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን መንገድ ላይ ስንት አባት እንደቀረ፣ አውሮፓ ደርሶ ስልኩን የቀየረ ስንቱ እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ይህን ሰው እንደ ቀላል አንለፈው።

ጳውሎስም እንዲህ ያለ ወዳጅ ነበረው። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥16-18 ሄኔሲፎሩ የሚባል ሰው አለ። ሮም በመጣ ጊዜ ጳውሎስን አጥብቆ ፈለገው፤ አገኘውም፤ በሰንሰለቱም አላፈረም። ሮም ትልቅ ከተማ ናት። እስረኛን መፈለግ ደግሞ ራስን ያስጠረጥራል። ይህም ሰው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው የተሰጠው። ግን ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ እየተነበበ ነው።

በዚያው መልእክት 4፥13 ላይ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ምን እንዲያመጣለት እንደለመነ ታስታውሳላችሁ? በርኖሱንና መጻሕፍቱን። ብርድም አለበት፤ ማንበብም ይፈልጋል። ሞቱ የቀረበ እስረኛ መጽሐፍ ካማረው፣ «ማንበብ ለተመቸው ሰው ነው» የሚለው ምክንያታችን አያስኬድም።

6. እኛስ ምን እናድርግ?

እስር ለእኛ የድሮ ነገር አይደለም። ተህሪብ ብሎ በቦሳሶ በኩል ወደ የመን የተሻገረ፣ በሊቢያ በኩል የሞከረ፣ በደላሎች እጅ የተያዘ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት እነዚህን እንሞክር።

አንደኛ፣ ስሙ። ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ውስጥ ታሪኩን ማንም ጠይቆት የማያውቅ አንድ ሰው አለ። ቡና ስታፈሉ ጠይቁት። ካልፈለገ አታስገድዱት። ከተናገረ ደግሞ ምክር ለመስጠት አትቸኩሉ።

ሁለተኛ፣ ጻፉ። ደብተርና እስክርቢቶ ይበቃል። መጻፍ የማይችል ለልጁ ይንገረውና ልጁ ይጻፍለት። ስለ ራሳችሁ ስትጽፉ በመንገድ ውሃ የሰጣችሁን፣ ያስጠለላችሁን፣ አብሯችሁ ጀምሮ ያልደረሰውን አትርሱ። ለእነሱ አንድ ቁጥር ስጧቸው። የሌላውን ሰው ምስጢር ግን ያለ ፈቃዱ አትጻፉ፤ የጻፋችሁትንም ለማንም አታሰራጩ። የስተርንን የመጀመሪያ መጽሐፍ አስታውሱ።

ሦስተኛ፣ ፈልጉ። ልጇ የታሰረባትን እናት ሄዳችሁ ጠይቋት። ሩቅ ከሆነች ካርድ ሞልታችሁ ደውሉላት። ፖሊስ ጣቢያ ያለ ወገን ካለና መጠየቅ ከተፈቀደ፣ ዳቦና ሻይ ይዛችሁ ሂዱ። ሄኔሲፎሩ ሰንሰለቱን ሊፈታ አልቻለም። ጳውሎስ ግን ደጋግሞ እንዳሳረፈው መስክሮለታል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ሐዋርያት ሥራ 12ን ስታነቡ እስከ ዛሬ ቁጥር 2ን እና ቁጥር 19ን እንዴት ታልፏቸው ነበር? ዛሬስ ምን ታያችሁ?
2. ጴጥሮስ በር ላይ ቆሞ እያንኳኳ፣ ስለ እሱ የሚጸልዩት ሰዎች ሮዴን አላመኗትም (12፥15)። ብዙ የጠበቅነው ነገር ሲመጣ ማመን ለምን ያቅተናል?
3. እናንተ ዛሬ እዚህ እንድትደርሱ የረዳ፣ ግን ስሙን ለማንም ነግራችሁ የማታውቁት ሰው አለ? ለቡድኑ መንገር የምትችሉ ከሆነ ንገሩ።
4. ስለ ሰው የምንናገረው ነገር ሰውን እንዳይጎዳ በቡድናችን ውስጥ ምን ዓይነት ልማድ እንያዝ?

ጸሎት

አባት ሆይ፣ የጴጥሮስን ሰንሰለት የፈታህ፣ የያዕቆብንም ደም የተቀበልህ አንተ ነህ። በየመንና በሊቢያ፣ በየወኅኒውና በየደላላው ግቢ የተያዙትን ወገኖቻችንን አስብ። እኛ ስማቸውን ባናውቅ አንተ ታውቃለህ። ለሚጠብቁት ትዕግሥትን፣ ላዘኑት መጽናናትን ስጥ። ጆሯችንን ክፈት፤ ምላሳችንን ጠብቅ። በአንተ ዘንድ አንድ ቁጥር እንኳ እንደማይጠፋ አምነን እንድንኖር እርዳን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።